የውድድር መኪና ፍሬም፦ ስንት ይጠመዘዛል? የቱ ጋ ይጠመዘዛል?

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ለፎርሙላ ስቱደንት ውድድር የብረት ቱቦ ፍሬም ከሚሠሩ ተማሪዎች የተላኩ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። የጥምዘዛ ግትርነት የምንለው የፍሬሙን ፊት ከኋላው አንጻር አንድ ዲግሪ ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገውን ቶርክ (የመጠምዘዣ ኃይል) ነው፤ መለኪያውም ኒውተን-ሜትር በዲግሪ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬማችንን በሶፍትዌር ስናሰላው 2600 ኒውተን-ሜትር በዲግሪ ሰጠን። ሠርተን ስንፈትነው ግን 1511 ብቻ ሆነ። በፈተናው ሁለቱን የኋላ ሀቦች (ጎማ የሚታሰርባቸውን) መቆሚያ ላይ በቡሎን አሰርናቸው። የፊት ሀቦቹን በአግድም ብረት አገናኝተን፣ ብረቱን መሃል ላይ በክብ ዘንግ ደግፈን፣ ከዘንጉ 1 ሜትር ርቆ 60 ኪሎ ግራም ሰቀልን። በፊት አክስል አካባቢ ፍሬሙ ላይ በ600 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካስቀመጥናቸው ሁለት ዳያል ጌጆች (ትንሽ እንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎች) አንዱ 2.10 ሚሊ ሜትር ወጣ፣ ሌላው 1.98 ወረደ። በኋላ አክስል በኩልም በዚያው ልዩነት 0.40 እና 0.32 አንብበናል፤ ምን እንደምናደርግበት ግን አላወቅንም። በሲሙሌሽኑ ደግሞ የፍሬሙን የኋላ ጫፍ አራት ማዕዘኖች ሙሉ በሙሉ አስረን፣ ኃይሉን የፊት ጫፍ ማዕዘኖች ላይ ጫንን። ጥፋቱ የብየዳችን ነው ወይስ የሶፍትዌሩ?

መልስ፦ ብየዳውንም ሶፍትዌሩንም ከመጠርጠራችሁ በፊት ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። 60 ኪሎ ግራም በ1 ሜትር ክንድ 588.6 ኒውተን-ሜትር ነው። የፊቱ ንባብ ድምር 4.08 ሚሊ ሜትር ለ600 ሲካፈል 0.0068 ራዲያን ወይም 0.390 ዲግሪ ይሆናል። 1511 የተገኘው ከዚህ ነው። ነገር ግን ኋላውም ዞሯል፤ 0.72 ለ600 ሲካፈል 0.0012 ራዲያን፣ ማለትም 0.069 ዲግሪ ነው። ይህ የመቆሚያው፣ የሀቡና የኋላ ሳስፔንሽኑ መዞር እንጂ የፍሬሙ መጠምዘዝ አይደለም። ከፊቱ ላይ ሲቀነስ 0.321 ዲግሪ ይቀራል፤ የፍሬሙ ግትርነትም 1834 ኒውተን-ሜትር በዲግሪ ይሆናል። ምን እንደምታደርጉበት ያላወቃችሁት ንባብ ውጤታችሁን ከ20 በመቶ በላይ ከፍ አደረገው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሲሙሌሽኑ እንምጣ። በፈተናው የጠየቃችሁት ጥያቄና በሶፍትዌሩ የጠየቃችሁት ጥያቄ አንድ አይደሉም። የኋላውን አራት ማዕዘን በስድስቱም አቅጣጫ ስታስሩት ማዕቀፉ ከነቅርጹ ደርቆ ይቀራል። የእውነተኛው መኪና የኋላ ጫፍ ግን ሲጠመዘዝ ማዕዘኖቹ ወደፊትና ወደኋላ ይሳሳባሉ፣ አራት ማዕዘኑም ይንጋደዳል። እገዳው ይህን ስለሚከለክል ግትርነቱ ከልኩ በላይ ይወጣል። ፊት ለፊትም እንዲሁ ነው፤ ኃይሉን በቀጥታ ማዕዘኖቹ ላይ መጫን የሳስፔንሽን ማያያዣዎቹ በቱቦው ላይ የሚፈጥሩትን መታጠፍ ከሒሳቡ ያወጣዋል። ማያያዣው ከቱቦዎቹ መገናኛ 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ካለ ደግሞ ይህ መታጠፍ ብዙ ነው።

ሞዴሉን እንዲህ አድርጉት። ሀቡን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዙትን ዊሽቦኖች፣ እንቅስቃሴውን ወደ ሾክ አብዞርበሩ የሚያደርሱትን ፑሽሮዶችና ሮከሮች ጨምሩ፤ በሾክ አብዞርበሩ ቦታ ግትር ዘንግ አስገቡ። የግራውን የኋላ ሀብ በሦስቱም አቅጣጫ እንዳይሄድ ያዙት፤ መዞር ግን ይችላል። የቀኙን የኋላ ሀብ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሁም በቁመት አቅጣጫ ብቻ ያዙት፤ ወደ ጎን ይለቀቅ። የፊቱ አግድም ብረት መሃል ነጥብ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይያዝ። ድምሩ ስድስት እገዳ ነው፤ መኪናው ቦታውን እንዲይዝ የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነው፣ ከዚህ የሚያልፍ እያንዳንዱ እገዳ ውሸት ግትርነት የመጨመር ዕድል አለው። ከዚያ በፊት ሀቦች ላይ እኩልና ተቃራኒ ቀጥ ያሉ ኃይሎችን ጫኑ።

ስሌቱ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ የሚያሳየውን የውጤት ቀለማት ከማየታችሁ በፊት የድጋፍ ኃይሎቹን እዩ። በግራና በቀኝ ሀብ መካከል ያለው ርቀት 1.2 ሜትር ከሆነ 588.6 ኒውተን-ሜትር በየኋላ ሀቡ 490.5 ኒውተን፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ መስጠት አለበት። የፊት መሃል ድጋፉ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ የጫናችሁት ኃይል ወይም ያሰራችሁት ነጥብ ተሳስቷል።

ይህን ካስተካከላችሁ በኋላም ሞዴሉ ከፈተናው ከፍ ቢል አትደንግጡ። ቢም ኤለመንት (ሶፍትዌሩ ቱቦን እንደ አንድ መስመር የሚያሰላበት አሠራር) ሁለት ቱቦዎች የሚገናኙበትን ቦታ ፍጹም ግትር አድርጎ ይወስዳል። ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦ ግን ሌላ ቱቦ ሲገፋው መገናኛው ላይ ትንሽ ይሰረጉዳል። የሮድ ኤንዶች (በዘንግ ጫፍ ያሉ ኳሳዊ መገጣጠሚያዎች) ክፍተትና የማያያዣ ላሜራዎች መታጠፍም ሞዴሉ ውስጥ የሉም። ልዩነቱን አንድ ማባዣ ቁጥር ፈልጎ ከመሸፈን ይልቅ የት እንደተፈጠረ መፈለግ ነው የሚጠቅመው፤ ለዚህ ደግሞ ሁለት ጥንድ ጌጅ አይበቃም። ቀጣዩን መልስ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ የመፈተኛ ማዕቀፍ ልንሠራ ነው። በየጊዜው ስንለካ የተለያየ ቁጥር የሚሰጠን የድሮው አሠራራችን ምን ጎድሎት ነው? ደረጃ በደረጃ ብትነግሩን።

መልስ፦ ቁጥሩ የሚዋልለው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው፤ ጌጆቹ የተሰኩት በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሲሆን፣ መገጣጠሚያዎቹ ሳይረጉ ሲለካ፣ ግትርነቱም ከአንድ ነጥብ ሲሰላ።

ሾክ አብዞርበሮቹን አውጡና በልካቸው የተቆረጠ ድፍን የብረት ዘንግ አስገቡ። ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ያለው ርዝመት መኪናው በቆመበት ከፍታ ካለው ጋር እኩል ይሁን፤ ካልሆነ ሮከሮቹ በሌላ አንግል ይሆኑና ሌላ መኪና ትፈትናላችሁ። ቀዳዳው ለቡሎኑ ልክ ሆኖ ይበሳ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ፊት ለፊት ሲነበብ ከፍሬሙ መጠምዘዝ ጋር የሚወዳደር መጠን አለው። አንቲ ሮል ባሩን (መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የግራና የቀኝ ሳስፔንሽኑን የሚያገናኘውን ዘንግ) ፍቱት።

ጎማዎቹን አውልቃችሁ በሀቦቹ ላይ ወፍራም ላሜራ እሰሩ። የግራውን የኋላ ላሜራ ከመቆሚያው ጋር አጥብቁ፤ ሲሆን ግን ሀቡ እንዲዘነበል በሚፈቅድ አያያዝ ይሁን። በቀኙ ላሜራና በመቆሚያው መካከል ወደ ጎን የሚንሸራተት ነገር አድርጉ፤ ግሪስ የተቀቡ ሁለት ለስላሳ የብረት ሰሌዳዎች ወይም ጥቂት የኩሽኔታ ኳሶች ይበቃሉ። ሲጫን አንዱ የኋላ ሀብ ወደ ላይ ስለሚሳብ ከላይም የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ሁለቱንም ድርቅ አድርጎ ማሰር በሲሙሌሽኑ ማዕዘኖቹን እንደማሰር ያለ ስህተት ነው። ከፊት አግድም ብረቱ በመኪናው መሃል መስመር ላይ በትክክል መደገፍ አለበት። ወፍራም የአራት ማዕዘን ቱቦ ምረጡ፤ ጌጆቹ ፍሬሙ ላይ ስለሆኑ የብረቱ መጠነኛ መታጠፍ ንባቡን ባያበላሽም፣ በጣም ከታጠፈ ክንዱ ያዘነብልና ክብደቱ ይወዛወዛል።

ዳያል ጌጆቹ 0.01 ሚሊ ሜትር የሚያነቡ ይሁኑ፤ መያዣቸው በቀጥታ ወለል ላይ የቆመና ከመፈተኛው ማዕቀፍ ጋር የማይነካካ ይሁን። ማግኔታዊውን እግር መቆሚያው ላይ መለጠፍ ምቹ ነው፤ ግን መቆሚያው ሲንቀሳቀስ ጌጁም አብሮት ይሄድና መዞሩ ከንባቡ ይጠፋል። ክብ ቱቦ ላይ የጌጁ ጫፍ ስለሚንሸራተት ትንሽ ጠፍጣፋ ላሜራ አጣብቁና በእሱ ላይ አሳርፉት።

ጌጆቹን በጥንድ በጥንድ፣ ቢያንስ በአራት ቦታ አስቀምጡ፦ በፊት አክስል፣ በፊት ቅስቱ (መኪናው ቢገለበጥ አሽከርካሪውን የሚጠብቅ የቱቦ ቅስት) ሥር፣ ከአሽከርካሪው ጀርባ ባለው ዋና ቅስት ሥርና በኋላ አክስል። ስምንት ጌጅ ከሌለ ሁለት እያዘዋወሩ ጭነቱን መድገም ይቻላል፤ ፍሬሙ ከረጋ ውጤቱ ይደጋገማል።

ከዚያ መርጋት ነው። ሙሉውን ክብደት ሦስት ጊዜ ጭናችሁ አውርዱ፤ ቡሎኖቹና ሮድ ኤንዶቹ ቦታቸውን ይያዙ። ጌጆቹን ዜሮ የምታደርጉት ከዚህ በኋላ፣ 10 ኪሎ ግራም እንደተሰቀለ ነው፤ ክፍተቶቹ ወደ አንድ ወገን እንደተገፉ ይቆያሉ። በየ10 ኪሎ ግራሙ እስከ 60 ድረስ እየጫናችሁ አንብቡ፣ እያወረዳችሁም አንብቡ። ከዚያ ክንዱን ወደ ሌላው ጎን አዙሩና ሁሉንም ድገሙ። ከክብደቱ ሥር እንጨት ደርድሩ፤ ክንዱ ቢያመልጥ ብዙ እንዳይወድቅ፣ የሰውም እግር ሥሩ እንዳይገባ።

ግትርነቱን ከመጨረሻው ነጥብ ብቻ አታውጡ። ቶርኩን በአንድ ዘንግ፣ አንግሉን በሌላው አድርጋችሁ መስመር አሳልፉና የመስመሩን ተዳፋት ውሰዱ። ነጥቦቹ መጀመሪያ ላይ ጎበጥ ብለው ከዚያ ቀጥ ካሉ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ፤ ተዳፋቱን ከቀጥተኛው ክፍል ውሰዱ፣ ክፍተቱንም ፈልጉ። የመጫኛውና የማውረጃው መስመር የማይገጥሙ ከሆነ የሚንሸራተት ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ያልጠበቀ የሞተር ማሰሪያ ቡሎን ወይም የሀብ ላሜራው ነው፤ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ በማርከር ቀጥ ያለ መስመር አስምራችሁ ብትጭኑ መስመሩ የተሰበረበት ቦታ ጥፋተኛውን ያሳያል።

ከፈተናው ሁሉ ትልቁን ነገር የምታገኙት ግን ከግትርነቱ ቁጥር አይደለም፤ አንግሉን በመኪናው ቁመት ላይ ስትስሉት ነው። የቀደመውን መኪና ምሳሌ እንቀጥልና የፊት አክስሉ 0.390 ዲግሪ፣ 550 ሚሊ ሜትር ወደኋላ ያለው የፊት ቅስት 0.345፣ 1250 ላይ ያለው ዋና ቅስት 0.130፣ 1600 ላይ ያለው የኋላ አክስል 0.069 ቢያነቡ ፊተኛው ክፍል በየሜትሩ 0.08 ዲግሪ፣ ኮክፒቱ (አሽከርካሪው የሚቀመጥበት ክፍል) 0.31፣ ኋለኛው 0.17 ተጠመዘዘ ማለት ነው። ከጠቅላላው 0.321 ዲግሪ ውስጥ 0.215ቱ፣ ሁለት ሦስተኛው፣ ኮክፒቱ ነው። አፍንጫው ላይ የሚጨመር ቱቦ እዚህ መኪና ላይ ክብደት እንጂ ግትርነት አይሆንም። ይህንኑ ሥዕል ከሲሙሌሽኑም አውጡና አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጡ። መስመሮቹ በኮክፒቱ ላይ ገጥመው በኋለኛው ክፍል ከተለያዩ የምትፈልጉት ስህተት በሞተሩ አካባቢ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬማችን ለስላሳ ሆነብን። ወደ 4130 ክሮም-ሞሊ ብረት ብንቀይር ወይስ ሁሉንም ቱቦ ከ1.65 ወደ 2.0 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ብናሳድግ ይሻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያው በግትርነት ምንም አይጨምርም። ክሮም-ሞሊ ከተራ ብረት የሚበልጠው ሳይጎዳ በሚችለው ጭነት ነው፤ ኃይል ሲያርፍበት የሚለጠጥበት መጠን ግን ያው ነው። የውድድሩ ደንብም ለፍሬም ስሌት ሁሉንም ብረት በአንድ ዓይን ያያል፤ የያንግ ሞጁለሱን (መለጠጥን የሚቋቋምበትን መጠን) 200 ጊጋ ፓስካል አድርጎ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛው ይጨምራል፤ ግን በዋጋው። በ25.4 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ግድግዳው ከ1.65 ወደ 2.0 ሲያድግ የብረቱ የመስቀለኛ ገጽታ ስፋት በ19 በመቶ፣ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ በ16 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ፍሬሙ ከ16 እስከ 19 በመቶ ሲጠነክር የቱቦዎቹ ክብደት 19 በመቶ ይጨምራል። በኪሎ ግራም ሲታይ ያተረፋችሁት ነገር የለም።

ትርፉ ያለው ቱቦዎቹ ከመታጠፍ ይልቅ እንዲሳቡና እንዲገፉ በማድረግ ላይ ነው። ልዩነቱን በአንድ ቱቦ እዩት። 25.4 በ1.65 የሆነ፣ 500 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቱቦ በአንድ ጫፉ ታስሮ በሌላው ጫፍ 100 ኒውተን ወደ ጎን ሲጫንበት 2.39 ሚሊ ሜትር ይታጠፋል። ያው 100 ኒውተን በቁመቱ ቢገፋው የሚያጥረው 0.002 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት። ሰያፍ ቱቦ የሌለው አራት ማዕዘን ሁሉ የመጀመሪያውን ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ሰያፍ ሲገባበት ወደ ሁለተኛው ይዞራል። (እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሶፍትዌራችሁ አንድ ቱቦ ብቻ ስላችሁ አውጧቸው። ካልገጠሙ መላውን ፍሬም ከማስላታችሁ በፊት የመለኪያ አሃድ ወይም የቱቦ መስቀለኛ ገጽታ ስህተት አለባችሁ።)

ችግሩ ኮክፒቱ ነው። ከላይ በሰያፍ ልትዘጉት አትችሉም፤ የደንቡ የኮክፒት መለኪያ ሰሌዳ ማለፍ አለበት፣ አሽከርካሪውም በ5 ሰከንድ ውስጥ መውጣት አለበት። የቀሩት ጎኖቹና ወለሉ ናቸው። የጎን ሰያፎቹ ከቅስቶቹ እግር የሚነሱ፣ መገናኛ ላይ በትክክል የሚያርፉ ይሁኑ። ከመቀመጫው ሥር ሰያፍ ወይም በማጣበቂያና በሪቬት የተያዘ የአልሙኒየም ወለል ብዙ ይረዳል። በሪቬት ብቻ የተያዘ ወለል ግን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይላወሳል፤ ሲሙሌሽኑ የሰጠውን ያህል አይሰጥም።

የትኛው ቱቦ ቦታውን እንደሚያስከብር ለማወቅ አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ። በሞዴሉ ላይ አንድ አንድ ቱቦ እያወጣችሁ ወይም እየጨመራችሁ፣ በእያንዳንዱ ለውጥ የግትርነቱን ልዩነት ለክብደቱ ልዩነት አካፍላችሁ ጻፉ። የዘገየ ሥራ ይመስላል፤ ቢም ሞዴል ግን በሰከንዶች ስለሚሰላ ሙሉውን ፍሬም በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ። ደንቡ የሚያስገድዳቸውን ቱቦዎች መንካት አይቻልም፤ ሌሎቹ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ይሟገቱ።

ጥያቄ፦ ስንት ቢሆን ይበቃል? አንዳንዱ 3000 ካልሆነ አይረባም ይላል።

መልስ፦ ብቻውን የቆመ ቁጥር የለም፤ የሚወስነው የሳስፔንሽናችሁ የሮል ግትርነት (መኪናው ወደ ጎን ማዘንበሉን የሚቋቋምበት መጠን) ነው። በየአክስሉ የሮል ግትርነት፣ በጎማው ላይ የሚለካው የሞላ ግትርነት በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ባለው ስፋት ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ይገኛል። 25 ኒውተን በሚሊ ሜትርና 1.2 ሜትር ስፋት 314 ኒውተን-ሜትር በዲግሪ ይሰጣል። አንቲ ሮል ባር ካለ ይጨመርበታል።

ፍሬሙ የሚፈለገው የፊቱና የኋላው የሮል ግትርነት ልዩነት ወደ ጎማዎቹ እንዲደርስ ነው። ፊቱ 400፣ ኋላው 250 ይሁን። ሁለቱን በተከታታይ እንደተያያዙ ሞላዎች ስታጣምሩ 154 ይሆናል። የፍሬሙን ግትርነት፣ ለፍሬሙና ለ154 ድምር አካፍሉት፤ የክብደቱ ግማሽ በየጫፉ እንዳለ ከወሰድን፣ የሚወጣው ቁጥር በማስተካከያችሁ ከታሰበው ውጤት ስንት እጅ እንደደረሰ ይነግራችኋል። በ200 ኒውተን-ሜትር በዲግሪ 56 በመቶ፣ በ500 ወደ 76፣ በ1000 ወደ 87፣ በ1800 ወደ 92፣ በ3000 ወደ 95። ከ500 ወደ 1000 መሄድ የሚታይ ለውጥ ነው። ከ1800 ወደ 3000 ለመሄድ የሚከፈለው ክብደት ግን 3 በመቶ ብቻ ይመልሳል፤ እኛ ብንሆን ያንን ኪሎ ግራም ከመኪናው ላይ እናወርደው ነበር። ሞላችሁ ጠጣር ከሆነ 154ቱ ስለሚያድግ ስሌቱን በራሳችሁ ቁጥር ድገሙት። ለዚህ ስሌት የሚገባው ከሀብ እስከ ሀብ የተለካው ግትርነት ነው፤ የዊሽቦኖቹና የማያያዣዎቹ መለጠጥም ማስተካከያውን እኩል ይበላዋልና። በመጀመሪያው ደብዳቤ የፍሬሙን 1834 ለማግኘት የቀነስነው የኋላ መዞር እዚህ ላይ፣ የመፈተኛ መቆሚያው ድርሻ ብቻ ተለይቶ ወጥቶ፣ የቀረው መመለስ አለበት። የመቆሚያውን ድርሻ ለማወቅ አንድ ጥንድ ጌጅ በቀጥታ ሀቦቹ የታሰሩበት ላሜራ ላይ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን በሞዴሉ ውስጥ እናስገባ? ደግሞስ ሼል ኤለመንት ከቢም ይሻላል?

መልስ፦ ሞተሩ በላስቲክ ማሰሪያ ላይ ከተቀመጠ ተዉት። በቀጥታ በቡሎን ከፍሬሙ ጋር ከተያያዘ በማሰሪያ ነጥቦቹ መካከል እንደ ግትር አካል አስገቡት፤ ፈተናውንም አንድ ጊዜ ከነሞተሩ፣ አንድ ጊዜ ያለሞተሩ አድርጉ። ልዩነቱ ከሞዴሉ በጣም ካነሰ የማሰሪያዎቹ ላሜራ ስስ ነው ወይም ቀዳዳዎቹ ለቡሎኑ ሰፍተዋል።

ፍሬሙን ለመንደፍ ቢም ይበቃል፤ ፈጣን ነው፣ ስህተቱም ቶሎ ይታያል። ሼል (የቱቦውን ግድግዳ እንደ ስስ ገጽ የሚያሰላው) የሚያስፈልገው አንድ መገናኛ ሲያጠራጥር ነው፤ ለምሳሌ የሮከር ማያያዣ በቱቦው መሃል ላይ ሲያርፍ። ያንን ቦታ ብቻ በሼል ሥሩት፣ የኤለመንቶቹን መጠን በግማሽ እየቀነሳችሁ መዛባቱ መለወጡን እስኪያቆም ድረስ አስሉት፣ ከዚያም የተገኘውን መለጠጥ በቢም ሞዴሉ ላይ በዚያ ነጥብ እንደ አንድ አጭር ሞላ አስገቡት።